እከክልኝ ልከክልህ፦ የአንድ ፈሊጥ ታሪክና ያልተጠራው ሦስተኛ ሰው



የዛሬው ገለጻዬ መነሻ አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ነው፦ «አንተ ጀርባዬን እከክልኝ፤ እኔም ጀርባህን ልከክልህ»። በእኛም አንደበት «እከክልኝ ልከክልህ» የሚል አነጋገር ስላለ፣ ትርጉሙን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያሻም። ሊያደክመን የሚገባው ሌላ ጥያቄ ነው። «ብድር በምድር» የሚል ሕዝብ ውለታን መመለስ እንደ ግዴታ ይቆጥረዋል። እንግሊዞችም ውለታ መላሹን ያመሰግናሉ። ታዲያ ይህ ፈሊጥ ሲነገር ሰሚው ነውር የሰማ ያህል ፈገግ የሚለው ለምንድን ነው? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ስለ ፈሊጡ አመጣጥ ብዙ ጊዜ የሚነገር አንድ ተረክ አለ። የእንግሊዝ መርከበኞች ጓደኛቸውን እንዲገርፉ ሲታዘዙ፣ ተራው ሲደርስ እርሱም እንዲራራላቸው በማሰብ ጅራፉን ያለዝቡ ነበር ይባላል። ተረኩ ይጥማል፤ ምስሉ ግን ከዚያ መርከብ እጅግ ይቀድማል። የሮተርዳሙ ኤራስመስ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ባሰባሰበው የጥንት ምሳሌያዊ አነጋገሮች መድብል ውስጥ፣ እርስ በርስ ስለሚተካከኩ በቅሎዎች የሚናገር የላቲን ብሂል ይገኛል። በቅሎ የራሷ ጥርስ የማይደርስበትን ቦታ ጓደኛዋ ታክላታለች። በዚህ ውስጥ ተንኮል የለም፤ የሚጎዳም የለም።

ከዚህ ጎን «እጅ እጅን ያጥባል» የሚል ሌላ የላቲን ብሂል አለ። ሴኔካ፣ በ54 ዓ.ም. ስለ ሞተው ንጉሠ ነገሥት ክላውዲዎስ በጻፈው የስላቅ ድርሰት ውስጥ ይህን ብሂል በሄርኩለስ አፍ አኑሮታል። አማልክቱ ሸንጎ ተቀምጠው፣ ክላውዲዎስ ከእነርሱ ይቆጠር ወይስ አይቆጠር እያሉ ይመክራሉ። ሄርኩለስ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሯሯጠ ድጋፍ ይለምናል፤ ዛሬ የረዳውን ነገ በተራው እንደሚረዳም ቃል ይገባል። በዚህ ስፍራ ውለታው የድምፅ ንግድ ሆኗል። የታሪኩን መጨረሻ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። በዚያ የሚነገረው እንግሊዝኛ ለዚሁ ነገር ሌላ ቃል አለው፤ «ግንድ ማንከባለል» ይለዋል። ቃሉ የገበሬ ነው። ደን መንጥሮ የሚያርስ ሰፋሪ የቆረጠውን ግንድ ከቤተሰቡ ጋር ብቻ ማንቀሳቀስ ስለማይችል ጎረቤቶቹን ይጠራል። እነርሱም ተሰብስበው ግንዱን እያንከባለሉ ይከምሩለታል፤ ባለቤቱ ያበላቸዋል፣ ያጠጣቸዋል፤ በሌላ ቀን ደግሞ እርሱ ወደ እነርሱ ይሄዳል። የኢትዮጵያን ገጠር የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ደቦንና ወንፈልን ያስባል። በተለይ ወንፈል፣ የአንድ ቀን ጉልበት በአንድ ቀን ጉልበት የሚመለስበት በመሆኑ፣ ቁርጥ ያለ የውለታ ልውውጥ ነው። ይሁንና ወንፈልን ሙስና ያለው ሰው አላጋጠመኝም።

ይህ የገበሬ ቃል በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ወደ ፖለቲካ ገባ። «ለእኔ ሕግ ድምፅህን ስጥ፤ እኔም ለአንተ ሕግ እሰጣለሁ» የሚል ውል መጠሪያው ሆነ። ድርጊቱ ግን ከስሙ ይቀድማል። በ1790 የገንዘብ ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ሃሚልተን፣ የፌዴራሉ መንግሥት የክፍለ ግዛቶቹን የጦርነት ዕዳ እንዲሸከም የሚያደርግ ዕቅድ አቀረበ። ዕቅዱ በሚያዝያ በተወካዮች ምክር ቤት 31 ለ29 በሆነ ድምፅ ወደቀ። በሰኔ ቶማስ ጄፈርሰን፣ ሃሚልተንንና የዕቅዱን ዋና ተቃዋሚ ጄምስ ማዲሰንን ኒውዮርክ ባለው ቤቱ እራት ጋበዘ። ጄፈርሰን ራሱ በኋላ እንደ ጻፈው፣ በዚያ ማዕድ ላይ ማዲሰን ተቃውሞውን ለማለዘብ ተስማማ፤ በምላሹም ዋና ከተማው በፖቶማክ ወንዝ ዳር እንዲሆን መንገዱ ተጠረገ። ሐምሌ 16 የዋና ከተማው ሕግ፣ ነሐሴ 4 ደግሞ የዕዳው ሕግ ተፈረመ። የእራቱ ድርሻ ምን ያህል ወሳኝ እንደ ነበር የታሪክ ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ጄፈርሰን ግን ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ሃሚልተን እንዳታለለውና ከፖለቲካ ሕይወቱ ስሕተቶች ሁሉ በዚህ እጅግ እንደ ተጸጸተ ለጆርጅ ዋሽንግተን ጽፏል።

በማዕዱ ዙሪያ ያልነበሩትን እናስብ። በጦርነቱ የተዋጉ ብዙ ወታደሮች ለደመወዛቸው የተሰጣቸውን የዕዳ ወረቀት በችግር ምክንያት ለነጋዴ በርካሽ ሸጠው ነበር። ማዲሰን በዚያው ዓመት የካቲት ለእነርሱም ድርሻ እንዲከፈል ሐሳብ አቅርቦ ተሸንፏል። በነሐሴ በወጣው ሕግ ተጠቃሚ የሆነው ወረቀቱን በእጁ የያዘው ሰው ነበር።

ለድምፅ ልውውጥ ጠበቃ አልጠፋለትም። ጄምስ ቡካናንና ጎርደን ተሎክ በ1962 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ አንድን ጉዳይ አጥብቆ የሚሻ አናሳ ወገን ድምፁ የሚሰማው በዚህ መንገድ ሊሆን እንደሚችል ተከራክረዋል። ሆኖም ተሎክ ራሱ በ1959 ሌላውን ገጽታ አሳይቶ ነበር። መቶ ገበሬዎች ያሉበት ወረዳ አስቡ ይላል። 51ዱ ተስማምተው እርስ በርስ ድምፅ ቢሰጣጡ የእነርሱ መንገዶች ይጠገናሉ፤ ወጪውን ግን መቶውም ይከፍላሉ።

እንግዲህ ለመነሻ ጥያቄዬ መልስ የምሰጠው ከዚህ ነው። ወንፈልን ከምክር ቤቱ ውል የሚለየው ልውውጡ አይደለም፤ ልውውጥ በሁለቱም አለ። የሚለያቸው የሚሰጠው ነገር ባለቤት ነው። በወንፈል የምሰጠው የራሴን ጉልበት ነው፤ በሸንጎው የምሰጠው በአደራ የተቀበልሁትን ድምፅ ነው። ፈሊጡ ሁለት ሰዎችን ብቻ ይጠራል፤ ዋጋውን የሚከፍለውን ሦስተኛውን ሰው አይጠራም። የሰሚው ፈገግታ ያን ያልተጠራ ሰው ከማወቅ የሚመነጭ ይመስለኛል።

ነገሩ ከፖለቲከኞች ጋር የሚቀር አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በለንደን «ግንድ ማንከባለል» አንዱ ደራሲ የሌላውን መጽሐፍ እያሞገሰ በተራው የሚሞገስበት ልማድ ስም ሆኖ ነበር። እኛም መጽሐፍ እንገመግማለን፤ የመመረቂያ ጽሑፍ እንፈትናለን። ወጣት መምህር ሳለሁ የአንድ ወዳጄን ተማሪ ጽሑፍ ፈተንሁ። የመረጃ አሰባሰቡ ጉድለት እንዳለበት አይቼ ዝም አልሁ፤ በቀጣዩ ወር የእኔን ተማሪ የሚፈትነው ያ ወዳጄ ነበርና። አንድም ቃል አልተነጋገርንም፤ ገንዘብም አልተቀባበልንም። ከዓመታት በኋላ አንዲት ተማሪ ያን ጽሑፍ መሠረት አድርጋ የጀመረችው ጥናት ፈርሶባት ምክር ፍለጋ ወደ እኔ መጣች። ያልተጠራው ሦስተኛ ሰው ከፊቴ ተቀምጦ ነበር። ምክሩን ሰጠኋት፤ የጥፋቱን ምንጭ ግን ያን ዕለት ልነግራት አልደፈርሁም።

የሴኔካን ታሪክ ልፈጽም። ሄርኩለስ ድምፁን ሊሰበስብ ሲቃረብ አውግስጦስ ተነሥቶ ክላውዲዎስ ያስገደላቸውን ሰዎች በስማቸው እየጠራ ዘረዘረ። ሐሳቡም ወደቀ። ውሉን ያፈረሰው በሸንጎው ያልነበሩ ሰዎች ስም መጠራቱ ነው። ውድ ተማሪዎች፣ ነገ ፈታኝ ወይም ገምጋሚ ሆናችሁ ስትቀመጡ ወዳጅነታችሁን ተዉ አልላችሁም፤ ከመፈረማችሁ በፊት ግን በስፍራው የሌለውን ሰው በስሙ ጥሩት።