«የመከላከያ ትእዛዝ» ይቅርብን

«ከተሳዳቢ የቀድሞ አጋርዎ የመከላከያ ትእዛዝ እንዴት ማግኘት ይችላሉ?» ይላል በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ የሐበሻ ሱቅ ባንኮኒ ላይ የተቀመጠ በራሪ ወረቀት። ቃላቱ ሁሉ አማርኛ ናቸው፤ ዐረፍተ ነገሩ ግን አማርኛ አይደለም። እንዲህ የሚል ጽሑፍ ያነበበች ሴት ትእዛዙን ከራሱ ከሰውየው እጅ የምትቀበል ይመስላታል። ሰውየውም ቢሆን ተሳዳቢ ነው እንጂ ተደባዳቢ አልተባለም። «አጋር»ማ የልማት ድርጅት ነው የሚያስታውሰኝ። የቀድሞ ባል፣ የቀድሞ ፍቅረኛ፣ የልጆቿ አባት ማለት ምን ይከብዳል?

ከሁሉ የባሰው «መከላከያ» ነው። ለኢትዮጵያዊ ጆሮ መከላከያ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ሠራዊቱ ነው። እሱን እንኳ እንለፈው። በአገራችን ችሎት መከላከያ የተከሳሽ ነው፤ የመከላከያ ምስክር የሚሰማው ለእሱ ነው፤ ዳኛ «ይከላከል» ብሎ ብይን የሚሰጠውም በእሱ ላይ ነው። የተደበደበችው ሴት ልትጠለልበት የመጣችበትን ወረቀት በደብዳቢዋ ቃል ጠራንላት ማለት ነው።

የትእዛዙን ምንነት አብዛኛው አንባቢ ስለሚያውቀው በአጭሩ ልለፈው። በቤት ውስጥ ጥቃት የደረሰባት ሴት (ወንድም ቢሆን) ታመለክታለች፤ ዳኛው አጥቂው እንዲርቅ ያዛል። መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት የሚቆይ ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ቀጥሎ ሁለቱም ወገኖች ተጠርተው ከተሰሙ በኋላ ዋናው ይወጣል። ዋናው በሜሪላንድ ብዙውን ጊዜ እስከ 1 ዓመት፣ በቨርጂኒያና በዲሲ እስከ 2 ዓመት ይጸናል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የፌዴራል ሕግ አንዱ ስቴት የሰጠውን ትእዛዝ ሌላው እንዲያስፈጽም ስለሚያስገድድ፣ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ማምለጥ የለም።

እንግሊዝኛውም ቢሆን አንድ ስም የለውም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ «ፕሮቴክቲቭ ኦርደር» ይላሉ፤ ካሊፎርኒያ «ሪስትሬይኒንግ ኦርደር»። አንዱ ስም የምትጠበቀውን ያያል፤ ሌላው የሚታገደውን። የእኛም ክርክር የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

የሕግ ሰዎቻችን «የእግድ ትእዛዝ» ቢሉ አይፈረድባቸውም፤ ቃሉ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ውስጥ የኖረ ነው። ችግሩ የኖረበት ቤት ነው። እግድ ስንል የምንሰማው ንብረት ነው፤ ቤቱ እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ፣ ሒሳቡ እንዳይንቀሳቀስ። ደግሞም ትእዛዙ መከልከል ብቻ አይደለም፤ ሰውየው ከቤት እንዲወጣ፣ መሣሪያውን እንዲያስረክብ፣ ልጆቹ ለጊዜው ከእናታቸው ጋር እንዲቆዩ ያዛል። እግድ ይህን ሁሉ አይሸከምም።

«የጥበቃ ትእዛዝ» የሚሉት ወደ እውነቱ ይጠጋሉ። ግን ጥበቃ በእኛ ሰፈር በር ላይ የሚቆም ሰው ነው። በአገር ቤት የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003ም ጥበቃ ሲል አካልንና ንብረትን መጠበቅንም ጨምሮ ነው። ይህን የለመደች ሴት በሯ ላይ ፖሊስ የሚቆምላት ቢመስላትስ? እዚህ የምትቀበለው ወረቀት ነው፤ ሰውየው ከመጣ 911 የምትደውለው እሷው ናት። ከአቅሙ በላይ ተስፋ የሚሰጥ ቃል በእንዲህ ያለ ጉዳይ አደገኛ ነው።

እኔ የምመርጠው «የከለላ ትእዛዝ» ነው። በግእዝ ከለለ ማለት ከበበ፣ ጋረደ ማለት ነው። ከዚህ ግንድ ክልል ወጣ፤ ክልል ወሰን ነው፤ ትእዛዙም በሰውየውና በሴትየዋ መካከል ወሰን ያሰምራል። ራስን የሚከበው አክሊልም ከዚሁ ነው። ተክሊልም ከዚሁ ነው! «በተክሊል ያገባኝን ሰው እንዴት ፍርድ ቤት አቆመዋለሁ?» የምትል እህት አትጠፋም። ካህን በአክሊል የከለላትን ሴት ባሏ በዱላ ከለላ ሲያሳጣት፣ ዳኛ ቢከልላት ምን ነውር አለው? ከለላ እንከን የለውም አልልም፤ «ሌባው የባለሥልጣን ከለላ አለው» ሲባል እንሰማለን። እዚህ ግን ሰጪው ዳኛ፣ ተቀባይዋ የተጠቃችው ስለሆነች አያሳስትም።

የተቀሩት ቃላትማ በእጃችን ናቸው። የወረቀቱ ጸሐፊ «ከሳሽ» እና «ተከሳሽ» ይላል። ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ነው፤ ወንጀል የሚሆነው ትእዛዙ ሲጣስ ነው። «አመልካች» እና «ተጠሪ» የሚሉትን የአገራችን ችሎቶች በየቀኑ ይጠሩባቸዋል። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ «የልጆቼን አባት አልከስም» ብላ የምትመለስ ሴት «አመለክታለሁ» ለማለት ላይከብዳት ይችላል። ደግሞ «ራቅ ብሎ የመቆየት ትእዛዝ» ምን ይባላል? አማርኛ «ደጇ ዝር እንዳትል» ብሎ የጨረሰውን!

«ያለመገናኘት» የሚለው የትእዛዙ ክፍል ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። ስልክና መልእክት ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በሌላ ሰው በኩል መላክም አብዛኛውን ጊዜ ግንኙነት ነው፤ ሽማግሌም ቢሆን። ትእዛዝ የተሰጠበት ሰው «አስታርቁኝ» ብሎ ሦስት አዛውንት ሲልክ ትእዛዙን እየጣሰ ሊሆን ይችላል፤ ይህን በግልጽ አማርኛ የጻፈ ወረቀት ገና አላየሁም።

ተርጓሚዎች ሆይ፣ «የከለላ ትእዛዝ» ብላችሁ ጻፉ። አጠገቡ «ፕሮቴክቲቭ ኦርደር» የሚለውን በፊደላችን አኑሩ፤ አመልካቿ ፍርድ ቤት መስኮት ላይ ለተቀመጠው ሰው የምትለው እሱን ነው። ለማመልከት ክፍያ እንደሌለ፣ አስተርጓሚም በነጻ እንደሚቀርብ በትልቁ ጻፉላት።