የተማሪዎች ሐሳብን የመግለጽ መብት እና የትምህርት ቤት የአለባበስ ሥርዓት

መግቢያ

የደንብ ልብስ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ የቆየ አሠራር ነው። ተማሪን ከሌላው ሰው ለመለየት፣ በቤተሰብ የኑሮ ደረጃ ምክንያት የሚታየውን የአለባበስ ልዩነት ለማጥበብና የትምህርት ቤቱን ሥርዓት ለማስጠበቅ ያገለግላል። ይሁን እንጂ ልብስ ገላን ከመሸፈን አልፎ እምነትን፣ ሐዘንን፣ ባህልንና አቋምን ይገልጻል። በዚህም የተነሳ ተማሪዎች በደረቡት ልብስ፣ በአንገታቸው ባሰሩት ማተብ ወይም በተከናነቡት ሻሽ ምክንያት ከትምህርት ቤት በር የሚመለሱበት አጋጣሚ ይፈጠራል።

በሰሜን ሸዋ ዞን በመንዝ፣ በጊሼና በመርሐቤቴ ለሚኖሩ በርካታ ተማሪዎች ከበር መመለስ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዞ የመጣ ተማሪ ልብስ ቀይሮ ለመምጣት ቢመለስ የዕለቱ ትምህርት ያመልጠዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ትምህርት ቤት በአለባበስ ላይ ሊያወጣ የሚችለውን ደንብ፣ የደንቡን ሕጋዊ ወሰን እና መብቱ የተነካ ተማሪ አቤቱታውን የሚያቀርብበትን መንገድ ማስገንዘብ ነው።

ሕጋዊ መሠረት

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ማንኛውም ሰው ሐሳቡን ያለ ጣልቃ ገብነት የመግለጽ ነጻነት እንዳለው በአንቀጽ 29 ይደነግጋል። ድንጋጌው በዕድሜ አይለይም። በዚሁ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 6 መሠረት ይህ ነጻነት በሐሳቡ ይዘትና ሊያስከትል በሚችለው አስተሳሰባዊ ውጤት ምክንያት ሊገታ አይገባም። የወጣቶችን ደኅንነት፣ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ግን በሕግ ገደብ ሊደረግበት ይችላል። የጦርነት ቅስቀሳና ሰብአዊ ክብርን የሚነካ የአደባባይ መግለጫም በሕግ የሚከለከሉ ናቸው።

የሃይማኖትና የእምነት ነጻነት በአንቀጽ 27 የተረጋገጠ ሲሆን፣ ማንንም ሰው የሚፈልገውን እምነት እንዳይዝ በኃይል ወይም በሌላ ሁኔታ ማስገደድ አይቻልም። እምነትን በተግባር የመግለጽ መብት ሊገደብ የሚችለው በሕግ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የሕዝብ ደኅንነትን፣ ሰላምን፣ ጤናን፣ ትምህርትን፣ የሕዝብ ሞራልን፣ የሌሎችን መሠረታዊ መብት ወይም መንግሥት ከሃይማኖት ነጻ መሆኑን ለመጠበቅ አስፈላጊ መሆን አለበት። በሌላ በኩል አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ መካሄድ እንዳለበት ይደነግጋል።

እነዚህ ድንጋጌዎች እርስ በርስ የሚጋጩ አይደሉም። ትምህርት ከሃይማኖት ነጻ ይሁን ሲባል የማስተማሩ ሥራና የተቋሙ አመራር ለአንዱ እምነት አያድላ ማለት ነው እንጂ ተማሪው እምነቱን በር ላይ አውልቆ ይግባ ማለት አይደለም።

ሕፃናትን በሚመለከት አንቀጽ 36 በትምህርት ቤት ውስጥ አካልን ከሚጎዳ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ የመሆን መብትን ያረጋግጣል፤ ለሕፃኑ ደኅንነት ቅድሚያ እንዲሰጥም ያዛል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12 ሕፃኑ በሚመለከተው ጉዳይ እንዲሰማ፣ በአንቀጽ 13 ሐሳቡን እንዲገልጽ፣ በአንቀጽ 28 ደግሞ የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የሕፃኑን ሰብአዊ ክብር በጠበቀ መልኩ እንዲፈጸም ያስገድዳል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው።

የትምህርት ቤት ሥልጣንና ወሰኑ

ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ የመወሰን፣ ንጽሕናን የማስጠበቅና የመማር ማስተማሩን ሂደት የሚያውክ አለባበስን የመከልከል ሥልጣን አለው። ይህ ሥልጣን ሕጋዊ ሆኖ እንዲቀጥል የሚከተሉት ነጥቦች ሊሟሉ ይገባል።

1. ክልከላው አስቀድሞ በጽሑፍ የወጣና ለተማሪውና ለወላጁ የተገለጸ መሆን አለበት። በዕለቱ በር ላይ የሚነገር ትእዛዝ ደንብ አይደለም።

2. ክልከላው ለሁሉም እኩል የሚሠራ መሆን አለበት። የአንዱን እምነት ወይም አመለካከት ምልክት ፈቅዶ የሌላውን መከልከል አንቀጽ 25 ከሚደነግገው የእኩልነት መብት ጋር ይጋጫል።

3. ክልከላው ግልጽ ዓላማ ሊኖረውና ለዚያ ዓላማ ከሚያስፈልገው በላይ ሊሄድ አይገባም። ችግሩ ልብሱን በማስተካከል የሚፈታ ከሆነ ተማሪውን ከክፍል ማስወጣት ተመጣጣኝ እርምጃ አይሆንም።

4. እርምጃ ከመወሰዱ በፊት ተማሪው ምክንያቱን እንዲያስረዳ ዕድል ሊሰጠው፣ ወላጁም ሊጠራ ይገባል።

በተግባር የሚያጋጥሙ ጉዳዮች

ስለ ብርድ መከላከያ ልብስ፦ የመንዝ ደጋ ሰፊው ክፍል ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው በመሆኑ ማለዳው ውርጭ ነው። ከበግ ጸጉር የሚሠራው በርኖስ የአካባቢው መታወቂያ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። በርኖስ ወይም ጋቢ ከደንብ ልብስ በላይ መደረብ የጤና ጉዳይ ነው። ትምህርት ቤቱ በክፍል ውስጥ የደንብ ልብሱ እንዲታይ መጠየቅ ይችላል፤ ተማሪው በብርድ እንዲቀመጥ ማስገደድ ግን ከሕፃኑ ደኅንነት ጋር አይጣጣምም። እንደ ጀማና ወንጪት ባሉ ሞቃታማ ሸለቆዎች የሚገኙ ትምህርት ቤቶች ደንብ ከደጋው ደንብ ቢለይ የሚያስገርም አይሆንም።

ስለ ማተብ፣ መስቀልና ሂጃብ፦ ማተብ ማሰር፣ መስቀል ማድረግ ወይም ፊትን ሳይሸፍን ራስን በሂጃብ መከናነብ እምነትን የመግለጽ መብት አካል ነው። ትምህርት ቤት የሂጃቡ ቀለም ከደንብ ልብሱ ጋር እንዲስማማ ሊጠይቅ ይችላል። የተማሪን ማንነት ለማረጋገጥ፣ በተለይም በፈተና ወቅት፣ ፊት እንዲታይ ማድረግም ተገቢ ነው፤ ማረጋገጡ ለሴት ተማሪዎች በሴት መምህርት ቢፈጸም ክብርን ይጠብቃል። ማተብ መበጠስ ወይም ሻሽ በኃይል መግፈፍ ግን በየትኛውም ደንብ ሊፈቀድ አይችልም። በተመሳሳይ፣ አብዛኛው ተማሪ የአንድ እምነት ተከታይ በሆነበት አካባቢ ሌላውን ተማሪ የብዙኃኑን ሃይማኖታዊ ልብስ እንዲለብስ ማስገደድ የተከለከለ ነው።

ስለ ሐዘን ልብስ፦ ወላጁን ወይም የቅርብ ዘመዱን በሞት ያጣ ተማሪ ጥቁር ለብሶ መምጣቱ በአካባቢው ባህል የታወቀ ነው። ጉዳዩ ለክፍል ኃላፊ መምህሩ ተነግሮ በጊዜያዊ ፈቃድ ሊስተናገድ ይገባል።

ጽሑፍና ምስል ስላለበት ልብስ፦ ትምህርት ቤት ጽሑፍ ያለበትን ልብስ በጠቅላላው ከልክሎ የደንብ ልብስ ብቻ እንዲለበስ ሊወስን ይችላል። የማይፈቀደው አንዱን አቋም የሚደግፈውን አሳልፎ የሚቃወመውን መቅጣት ነው። ተማሪዎችን የፖለቲካ ድርጅት ካናቴራ አስለብሶ ለሰልፍ ማስወጣትም ከአንቀጽ 90 ጋር ይጋጫል። በብሔር፣ በሃይማኖት ወይም በጾታ ላይ ጥላቻን የሚያነሳሳ ጽሑፍ ግን በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሊያስጠይቅ ይችላል። የፀጥታ ኃይሎችን የደንብ ልብስ የሚመስል ልብስ መከልከልም ለተማሪው ደኅንነት ሲባል ተገቢ ነው።

ስለ ሰንደቅ ዓላማ፦ የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቁጥር 654/2001 ዓርማ የሌለበትን ሰንደቅ ዓላማ መጠቀምን ይከለክላል። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም ያለበት የጥለት ቀሚስ ወይም ነጠላ ግን ልብስ እንጂ ሰንደቅ ዓላማ አይደለም። ጥርጣሬ ሲኖር ተማሪውን ከማስፈራራት ይልቅ ወላጅን ጠርቶ ማስረዳት ይቀድማል።

ስለ ጸጉር፦ የጸጉር አቆራረጥ ደንብ ማውጣት ይቻላል። የተማሪን ጸጉር በሰልፍ ፊት በመቀስ መቁረጥ ግን ማዋረድ እንጂ ሥነ ሥርዓት ማስጠበቅ አይደለም።

ከአገር ውስጥና ከውጭ የሚገኝ ልምድ

የአለባበስ ውዝግብ በኢትዮጵያ ትምህርት ተቋማት አዲስ አይደለም። በመጋቢት ወር 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀን የፋሽን ትርኢት ተማሪዎች የባዕድ ባህል ወረራ ነው በማለት ተቃወሙ። ተቃውሞው ወደ ግጭት ተለወጠ፤ ተማሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። ክስተቱ የሁለቱንም ወገን ስሕተት ያሳያል፤ በአለባበሳቸው ምክንያት የተጉላሉ ሰዎች ነበሩ፣ ሐሳባቸውን በመግለጻቸው ከትምህርት የታገዱም ነበሩ።

በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ ሂጃብ የሚለብሱ ሴት ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ መከልከላቸው ሰፊ ውዝግብ አስነስቷል። የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት 159 ተማሪዎች ለአገር አቀፍ ፈተና ሳይመዘገቡ እንደቀሩ ገልጿል። ጉዳዩ ለፍርድ ቤት ቀርቦ ክልከላው ለጊዜው እንዲታገድ በጥር ወር ትእዛዝ ተሰጥቷል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት የአለባበስ ክርክር እስኪፈታ ድረስ የፈተና ምዝገባን ማስቆም ጉዳቱ ሊመለስ የማይችል መሆኑ ነው።

የሌሎች አገሮች ፍርዶች በኢትዮጵያ አስገዳጅ ባይሆኑም ማነጻጸሪያ ይሆናሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1969 የቬትናምን ጦርነት በመቃወም ጥቁር ጨርቅ በክንዳቸው ያሰሩ ተማሪዎች ትምህርቱን እስካላወኩ ድረስ ሊቀጡ እንደማይገባ ወስኗል። የደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2007 አንዲት ተማሪ በባህሏና በእምነቷ ምክንያት የምታደርገውን የአፍንጫ ጌጥ መከልከል አድልዎ መሆኑን ገልጾ፣ የደንብ ልብስ ሥርዓቱ ተጠብቆ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ በልዩ ሁኔታ ሊፈቀድ እንደሚገባ አመልክቷል።

የአቤቱታ አቀራረብ

በአለባበሱ ምክንያት ከትምህርት የተከለከለ ተማሪ ወይም ወላጁ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ሊከተል ይችላል።

1. ክልከላው የተመሠረተበት የጽሑፍ ደንብ እንዲታይ ርእሰ መምህሩን መጠየቅ፤ የተከለከለበትን ቀን፣ ምክንያቱንና ክልከላውን ያስተላለፈውን ኃላፊ መዝግቦ መያዝ።

2. ጉዳዩ በወላጅ፣ በተማሪና በመምህራን ኅብረት እንዲታይ በጽሑፍ ማመልከት።

3. መፍትሔ ካልተገኘ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማቅረብ። ጽሕፈት ቤቶቹ በየወረዳው ዋና ከተማ የሚገኙ ሲሆን ከእነዚህም መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ራቤልና ዓለም ከተማ ይጠቀሳሉ። ቀጥሎ በደብረ ብርሃን ለሚገኘው የዞን ትምህርት መምሪያ፣ ከዚያም በባሕር ዳር ለሚገኘው የክልሉ ትምህርት ቢሮ ይቀርባል።

4. የመብት ጥሰት መፈጸሙ ከታመነ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማመልከት ይቻላል።

5. ፈተና ወይም ምዝገባ የሚያልፍ ከሆነ ወላጅ ወይም ሞግዚት ተማሪውን ወክሎ ለፍርድ ቤት ክስ በማቅረብ፣ ክልከላው ለጊዜው እንዲታገድ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ስለ እግድ በተደነገገው መሠረት መጠየቅ ይችላል።

ለማመልከት የተጻፈ ቅጂ መያዝና ያመለከቱበትን ቀን በመዝገብ ቤት ማስመዝገብ በኋላ ለሚነሳ ክርክር ማስረጃ ይሆናል።

ማጠቃለያ

የደንብ ልብስ ተማሪን ወደ ትምህርት ለማቅረብ የተዘረጋ ሥርዓት እንጂ ከትምህርት ለማራቅ የቆመ አጥር አይደለም። ተማሪዎች የትምህርት ቤታቸውን ደንብ የማክበር ግዴታ አለባቸው። ትምህርት ቤቶች ደግሞ ደንባቸውን በጽሑፍ የማውጣት፣ ለሁሉም በእኩል የመተግበርና ተማሪውን ሳይሰሙ ያለመቅጣት ኃላፊነት አለባቸው። በአለባበስ ላይ አለመግባባት ሲፈጠር ተማሪው በክፍል ውስጥ ሆኖ፣ ውይይቱ ደግሞ በርእሰ መምህሩ ቢሮ ከወላጅ ጋር ቢካሄድ መብትም ሥርዓትም ይጠበቃል።