ከሲራራ መንገድ እስከ አየር መንገድ

የይፋግን ገበያ ታሪክ የሚያውቅ ሰው መንገድ ማለት ምን እንደ ነበረ ያውቃል። ከጣና በስተምሥራቅ፥ በወረታና በአዲስ ዘመን መካከል የምትገኘው ይህች ጥንታዊት ከተማ፥ ሲራራ ነጋዴዎች አሞሌ ጨዋቸውን በአጋሰስ ጭነው የሚገበያዩባት ስፍራ ነበረች። በዚያ ዘመን ሩቅ መንገድ መምራት የወንድ ዕጣ ነው ይባል ነበር፤ የሴቲቱ ድርሻ ስንቅ ማዘጋጀትና መሸኘት ነበር። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረትም ከዚሁ አሳብ የመነጨ ነው። ዛሬ ይህ ተረት በምን እንደ ተረታ እናወሳለን።

አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ያረፈው በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም. ነው። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ወይዘሮ ሙሉመቤት እምሩ የተባሉ ኢትዮጵያዊት የበረራ ትምህርት ጀመሩ። ዳሩ ግን በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ደረሰና ትምህርታቸው ተቋረጠ።

በሰኔ ወር 1929 ዓ.ም. ስመ ጥሯ አሜሪካዊት አብራሪ አሚልያ ኤርሃርት ዓለምን ለመዞር ስትበር፥ ከካርቱም ተነሥታ በምፅዋና በአሰብ አረፈች፤ ከዚያም ወደ ካራቺ ተሻገረች። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ጠፍታ ቀረች። የባሕር ማዶዋ ሴት በቀይ ባሕር ዳር ባረፈችበት በዚያ ወራት፥ የእኛዪቱ አብራሪ ክንፍ በወራሪ እጅ ታጥፎ ነበር።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ ከጀመረ በኋላም፥ አንዲት ሴት በካፒቴኑ ወንበር እስክትቀመጥ ድረስ ከስድሳ ዓመት በላይ አልፏል። ይህችም ሴት የባሕር ዳር ተወላጅ የሆኑት ካፒቴን አምሳለ ጓሉ ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ከተማሩ በኋላ ወደ አብራሪዎች ማሠልጠኛ ገቡ። ስምንት ዓመት ያህል በረዳት አብራሪነት አገልግለው ከ4 ሺህ ሰዓት በላይ በረሩ፤ በጥቅምት ወር 2003 ዓ.ም. ለካፒቴንነት በቁ። ካፒቴን ማለት የመንገደኛው ሁሉ ሕይወት በአደራ የተሰጠው፥ በአየር ላይ የመጨረሻው ውሳኔ የእርሱ የሆነ ሰው ነው። ካፒቴን አምሳለ ይህን አደራ ተቀብለው መጀመሪያ የበረሩት ወደ ጎንደርና ወደ አክሱም ነበር። የሲራራው ነጋዴ ብዙ ቀን የሚለፋበትን አገር፥ አንዲት ሴት መንገደኞቿን ይዛ በጥቂት ሰዓት አቋረጠችው።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ረዘመ። በኅዳር ወር 2008 ዓ.ም. ከአብራሪዎቹ ጀምሮ ሠራተኞቹ ሁሉ ሴቶች የሆኑበት በረራ ወደ ባንኮክ ተደረገ፤ በታኅሣሥ ወር 2010 ዓ.ም. ደግሞ እንዲሁ ያለ በረራ ወደ ሌጎስ ተደረገ።

ክቡራን አድማጮች፤ በይፋግ ሜዳም ሆነ በደብረ ታቦር ከፍታ፥ የአውሮፕላን ድምፅ ሰምታ ቀና የምትል ተማሪ አትጠፋም። ይህችን ልጅ ከደብተሯ ለይቶ ያለ ዕድሜዋ ለመዳር የሚመክር ዘመድም አይጠፋም። ደመወዝተኛው ወንድሟ ወይም አጎቷ ለበዓል አገሩ ሲገባ በዚህ ምክር ላይ ይቀመጣል፤ ቃሉም ይሰማል። እንግዲህ ተናግሮ ይመለስ ወይስ ዝም ብሎ? የወይዘሮ ሙሉመቤትን ትምህርት ያቋረጠው ጠላት ነው፤ በገዛ እጃችን የምናቋርጠው ትምህርት ግን የማን በደል ይባላል?