የወረርሽኝ ጭንቀት በካምፕ፦ ምልክቱና የምናደርገው
የማስተምረው ካኩማ ነው። ኮሮና ሲገባ ኬንያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ትምህርት ቤቶችን ዘጋች፤ ሙሉ በሙሉ የተከፈቱት በጥር 2021 ነው። በሚያዝያ 2020 ከካኩማና ከዳዳብ መውጣት መግባትም ተከለከለ። እኛ ስደተኞች ድሮውንም ሐዘንና ናፍቆት ተሸክመን ነበር፤ ወረርሽኙ ደግሞ መጽናኛችንን፣ ቡና መጠራራቱንና ለቅሶ መድረሱን ነጠቀን።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድብርት በዓለም ዙሪያ በ25 በመቶ ጨምሯል። ስለዚህ የተጨነቀ ሰው ደካማ አይደለም፤ እምነቱም አልጎደለም።

ምልክቶቹ፦ እንቅልፍ ማጣት፣ ቶሎ መቆጣት፣ ከሰው መሸሽ፣ ተስፋ መቁረጥ። ልጆች ላይ ደግሞ ዝም ማለት፣ ማታ መሽናት፣ ከእናት አልለይም ማለት ይታያል። ክፍል ውስጥ «ሰነፍ» የሚባለው ልጅ አንዳንዴ የተጨነቀ ልጅ ነው።

ምን እናድርግ? የመኝታና የመነሻ ሰዓት እንለይ። ቀኑን ሙሉ ወሬ ስንከታተል አንዋል። በየቀኑ ከምናምነው ሰው ጋር እናውራ። ልጅን ከመቆጣት በፊት እንስማው። ነገሩ ሁለት ሳምንት ካለፈውና ሥራ ካስፈታ ወደ ክሊኒክ እንሂድ። «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ሰው ካለ ግን ብቻውን አትተዉት፤ ዛሬውኑ አድርሱት።