በአድራሻ ዓምድ የማይሰፍሩ ሕሙማን፦ ከመተማና ከምዕራብ ጎንደር ቆላ የጤና ታሪክ

ከጎንደር ደጋ ወርዶ በገንዳ ውሃ በኩል እስከ መተማ ዮሐንስ የሚዘልቀው ቆላ በታሪክ መጻሕፍት የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበት የጦር ሜዳ ሆኖ ነው። ለጤና ባለሙያ ግን ይህ ምድር ሌላ ታሪክም አለው። በቋንቋ፣ በሃይማኖትና በአመጣጥ የሚለያዩ ሰዎች ለአንድ በሽታ አብረው ሲጋለጡ ለሕክምናው ግን እኩል እንደማይደርሱ የሚያስተምር ታሪክ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ልዩነቱ ከየት እንደመጣና ከእኛ ምን እንደሚጠበቅ ለማሳየት ይሞክራል። ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

መተማ ከጥንት ጀምሮ የብዙ ሕዝቦች መገናኛ ነበረች። የጉሙዝ፣ የቅማንት፣ የአገውና የአማራ ተወላጆች በአካባቢው ኖረዋል፤ ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር የመጡ ተክሩሮችም ሰፍረውባታል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገበያዋ ቡናና ጥጥ ብቻ ሳይሆን ሰውም ይሸጥበት ነበር። የጉሙዝ ሕዝብ ከደጋም ከሱዳንም በኩል ለባሪያ አዳኞች የተጋለጠ ነበር። እንዲህ ያለ ትዝታ ያለው ማኅበረሰብ ከውጭ የመጣን የክትባት ቡድን በመጀመሪያው ቀን ባያምን ልንፈርድበት አይገባም። እምነት በሥራ የሚገኝ ነውና።

ደገኛው በበኩሉ ቆላን የሚያውቀው በንዳድ ነው። በ1946 ዓ.ም. በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ባለሙያዎችን እንዲያሠለጥን ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ወረርሽኝ ነበር። በ1951 ዓ.ም. የተስፋፋው ሌላ ወረርሽኝ ደግሞ በአገሪቱ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንዳሳመመና 150,000 ያህሉን እንደገደለ ተገምቷል። ሁለቱም ክፉኛ የጎዱት በሽታውን በየዓመቱ የማያየውን ሕዝብ ነው። በቆላ ያደገ ጎልማሳ በተደጋጋሚ በመነደፉ ከፊል መከላከያ ያዳብራል፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ግን እዚያም ለአደጋ የተጋለጡ ናቸው። ከደጋ ለሥራ የወረደ ወጣት ደግሞ ምንም መከላከያ ሳይኖረው ይወርዳል።

የሰሊጥና የጥጥ ሰፋፊ እርሻዎች ሲስፋፉ ይህ ወጣት በየክረምቱ በብዛት ይወርድ ጀመር። በ1960ዎቹ በሁመራ ቆላ ካላዛር በእነዚሁ የጉልበት ሠራተኞች መካከል በወረርሽኝ መልክ ታየ። ተሸካሚዋ የአሸዋ ዝንብ በዋልካ አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር ትራባለች፤ ሠራተኛው ደግሞ የሚያድረው እዚያው ሜዳ ላይ፣ ያለ አጎበር ነው። ትኩሳቱ ሲጸናበት፣ ጣፊያው ሲያብጥና ሰውነቱ ሲመነምን የሚያስታምመው ዘመድ በአጠገቡ የለም። ያልታከመ ካላዛር ደግሞ ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ደረጃ ይገድላል።

የዚህ ቸልታ ዋጋ በሊቦ ከምከም ታየ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ የደጋ ወረዳ ሰዎች በማይበርድ ትኩሳት ይሞቱ ነበር። ብዙዎቹም መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው በሚል ግምት ሲታከሙ ቆዩ። በሽታው ካላዛር መሆኑ የታወቀው በግንቦት 1997 ነበር። ተውሳኩን ያመጡት ከመተማና ከሁመራ እርሻ የተመለሱ ወቅታዊ ሠራተኞች ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ይታመናል። በሽታው በቆላ ከታወቀ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ዕውቀቱ ግን ሠራተኛው የሄደበትን መንገድ ተከትሎ ደጋ አልወጣም። እንደ እኔ አስተያየት ከታሪኩ ሁሉ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው።

መልካሙም ሊነገር ይገባል። ቀድሞ ሕክምናው 30 ቀን በመርፌ የሚሰጥ ስለነበር ለቀን ሠራተኛ የአንድ ወቅት ደመወዝ ማጣት ማለት ነበር። የሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና የፓሮሞማይሲን ጥምረት ይህን ወደ 17 ቀን አሳጠረው። በጎንደርና በምዕራብ አርማጭሆ በአብደራፊ ካላዛርና ኤች አይ ቪ በአንድነት በያዟቸው ሕሙማን ላይ የተካሄደው ጥናት ውጤት በ2011 ዓ.ም. ታተመ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢ እና የሚልቴፎሲን ጥምረትን በ2014 ዓ.ም. ሲመክር ከተመረኮዘባቸው ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ነበር። የተገፋ ሕመምተኛ በአግባቡ ሲታይ ለዓለም የሚተርፍ ዕውቀት ይገኛል።

ይሁንና አሠራራችን ዛሬም ቤት ያለውን ሰው ያስቀድማል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የብዙ እናቶችንና ሕፃናትን ሕይወት ታድጓል፤ መሠረቱ ግን ቤተሰብና ቀበሌ ነው። በእርሻ ማሳ የሚያድረው ሠራተኛ፣ ጠበል የሚጠመቀው እንግዳ፣ ጦርነት ሸሽቶ ድንበር የተሻገረው ስደተኛ በዚህ መዝገብ አይገቡም። በ2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመተማ በኩል ገቡ። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ በቋራ ወረዳ በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል አካባቢ ኮሌራ ተከሠተ። በሽታው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው በመዝገብ የሌለውን ሰው ነው።

እንግዲህ ልዩነቱን ማጥበብ የሚጀምረው በየዕለቱ በምንጽፍበት የሕሙማን መዝገብ ነው። በአድራሻ ዓምድ የቀበሌ ስም ብቻ ጽፈን ከማለፍ ሦስት ጥያቄዎችን እንጨምር፦ ከየት መጣህ? ሌሊት የት ታድራለህ? በየትኛው ቋንቋ ብነግርህ ይገባሃል? የመጀመሪያው መከላከያውን፣ ሁለተኛው ተጋላጭነቱን ያሳየናል፤ ሦስተኛው ጉሙዝኛ ወይም ዐረብኛ ለሚናገረው ሕመምተኛ አስተርጓሚ እንድንፈልግለት ያስገድደናል። ሦስቱንም ለመጠየቅ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ በሊቦ ከምከም ትኩሳቱ ስሙን እስኪያገኝ ሁለት ዓመት ፈጅቶ ነበር።