ከነዳጅ ጉድጓዶች ፍሳሽ ውስጥ ሊቲየም ማውጣት ይቻላል?

ከነዳጅ ዘይት ጉድጓዶች ከሚወጣው ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ በመጠን የሚልቀው ነዳጁ ሳይሆን ውሃ ነው። ከምድር ጥልቀት የሚወጣው ይህ ውሃ ከባሕር ውሃ በብዙ እጥፍ ጨዋማ ሊሆን፣ ራዲየምን የመሰሉ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮችንም ሊይዝ ይችላል። በአሜሪካ ብቻ በዓመት ከ20 ቢሊዮን በርሜል በላይ ይወጣል።

አብዛኛው ፍሳሽ ተመልሶ ወደ ከርሰ ምድር ይገባል። ይህ ግን መዘዝ አለው። በአውሮፓውያኑ 2016 በኦክላሆማ ግዛት የደረሰውና 5.8 የተለካው የመሬት መንቀጥቀጥ ከዚህ አሠራር ጋር ተያይዟል።

አሁን ግን ይኸው ፍሳሽ ለስልክና ለኤሌክትሪክ መኪና ባትሪዎች የሚያስፈልገው ሊቲየም ምንጭ ሊሆን እንደሚችል ጥናቶች ያመለክታሉ። በ2024 የወጣ አንድ ጥናት፣ በፔንሲልቫኒያ ከሚገኙት የማርሴለስ ጋዝ ጉድጓዶች ፍሳሽ የሚወጣ ሊቲየም ከአሜሪካ ፍጆታ እስከ 40 በመቶ የሚሆነውን ሊሸፍን እንደሚችል ገምቷል።

በዚያው ዓመት የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም፣ በደቡባዊ አርካንሳ ስማክኦቨር በተባለው የዐለት ንጣፍ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ከ5 እስከ 19 ሚሊዮን ቶን ሊቲየም እንደሚኖር አስታውቋል። እንደ ተቋሙ ግምት፣ በነዳጅ፣ በጋዝና በብሮሚን ምርት ሳቢያ በ2022 ወደ ምድር ገጽ የወጣው ውሃ ብቻ 5,000 ቶን ሊቲየም ይዞ ነበር።

ሐሳቡ ፈጽሞ አዲስ አይደለም፤ በአርካንሳ ብሮሚን ከጥልቅ ጨዋማ ውሃ ለገበያ መመረት ከጀመረ ከ60 ዓመታት በላይ ተቆጥረዋል።

በቺሊና በአርጀንቲና ሊቲየም የሚመረተው በአብዛኛው ጨዋማውን ውሃ በሰፋፊ ኩሬዎች በፀሐይ በማትነን ሲሆን፣ ሂደቱ ከአንድ ዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። አዲሱ ዘዴ ግን ውሃውን ሊቲየምን ለይቶ በሚይዝ ቁስ ውስጥ ያሳልፋል። የተያዘው ሊቲየም ታጥቦ ይለቀቅና ለባትሪ ወደሚሆን ውህድ ይለወጣል። ይህም ቀናት ወይም ሰዓታት ብቻ ሊወስድ ይችላል።

ይሁን እንጂ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሚገኘው ሊቲየም በሚሊ ግራም የሚለካ ነው። መጠኑም እንደ ዐለቱ ዓይነት ስለሚለያይ እያንዳንዱ የነዳጅ መስክ አዋጭ አይሆንም። ዘይቱን፣ ብረቱንና ማግኒዚየሙን አስቀድሞ ማጣራት ወጪ ይጠይቃል፤ የሊቲየም ዋጋ ሲወድቅ ደግሞ ትርፉ ይመነምናል።

ከሁሉ በላይ ሊቲየሙ መውጣቱ ውሃውን ንጹሕ አያደርገውም። ጨውና ራዲየም የያዘው ቀሪ ፍሳሽ እንደ በፊቱ መወገድ ይኖርበታል። በመሆኑም ማዕድኑ የማስወገጃውን ወጪ ሊያቃልል ቢችልም፣ ፍሳሹን በአግባቡ የመያዝ ኃላፊነትን አያስቀርም።