ባዶ ወንበሮቹን የሞሉ ሰዎች

እሑድ ኦክቶበር 8 ቀን 1961 ቺካጎ ውስጥ አቬኑ በሚባል ተራ ሞቴል 22 ሰዎች ተሰበሰቡ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በር ላይ የጠበቃቸው ፎቶ አንሺ አልነበረም። ስሙ ለጋዜጣ አንባቢ የሚታወቅ ሰው ከመካከላቸው ቢፈለግ የኦሃዮው የኮንግረስ አባል ጆን አሽብሩክና የናሽናል ሪቪው መጽሔት አሳታሚ ዊልያም ረሸር ቢገኙ ነው። የሚበዙት በሪፐብሊካን ፓርቲ የወጣቶች ክንፍ ውስጥ አብረው የታገሉ የድሮ ወዳጆች ነበሩ።

የጠራቸው ክሊፍተን ዋይት ነው፤ ፓፒዮን ክራቫት ከአንገቱ የማይለይ፣ የስብሰባ ሥርዓት አብጠርጥሮ የሚያውቅ የኒው ዮርክ ሰው። በዚያና በተከታዩ ስብሰባ ይዞላቸው የመጣው ስሌት ነበር። የ1964ቱን የፕሬዚዳንት እጩ የሚመርጡት የጉባኤ ተወካዮች እነማን ናቸው? እነሱንስ ማን ይመርጣቸዋል? የሚመረጡበት ስብሰባ የት፣ መቼ ይካሄዳል? ስንት ሰውስ ይመጣል?

የመጨረሻዋን ጥያቄ ልብ ይሏል። ይህ ታሪክ የሚዞረው በእሷ ዙሪያ ነው።

ሰዎቹን ያንገበገባቸው ነገር የቆየ ነው። ወግ አጥባቂዎቹ ሪፐብሊካኖች የፌዴራል መንግሥቱ እንዲያንስ፣ በጀቱ ከገቢው እንዳያልፍ፣ ሥልጣን ወደ ግዛቶች እንዲመለስ፣ ከሶቪየት ኅብረት ጋርም ድርድር ሳይሆን ጠንካራ ፉክክር እንዲኖር ይፈልጉ ነበር። ፓርቲው ግን በየአራት ዓመቱ የኒው ዮርክ ባለ ባንኮችና ጋዜጦች የሚወዱትን እጩ ያቀርባል ብለው ያምኑ ነበር። በ1952 የኦሃዮው ሴናተር ሮበርት ታፍት፣ ጓደኞቹ «ሚስተር ሪፐብሊካን» የሚሉት፣ ድሉ በእጁ የገባ መስሎት ወደ ቺካጎ ጉባኤ ሄደ። የቴክሳስና የጆርጂያ ተወካዮች ነገር አከራክሮ በድምፅ ሲወሰን ወንበሮቹ ለጄኔራል አይዘንሃወር ደጋፊዎች ተሰጡ፤ እጩነቱም አብሮ ሄደ። ታፍት በዓመቱ በካንሰር ሞተ። ደጋፊዎቹ ሐዘኑንም ቂሙንም ይዘው ቆዩ።

ቁስሉ እንደገና የተነካው በ1960 ነው። ጉባኤው ሊከፈት ቀናት ሲቀሩት ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሪቻርድ ኒክሰን በድብቅ ወደ ኒው ዮርክ በርሮ፣ በአምስተኛው ጎዳና ባለው የግዛቱ አገረ ገዥ የኔልሰን ሮክፌለር ቤት እስከ ሌሊት ተቀምጦ በፓርቲው አቋም ሰነድ ላይ ተስማማ። የአሪዞናው ሴናተር ባሪ ጎልድዋተር ይህን ሲሰማ ነገሩን ለሂትለር ፍላጎት ከተንበረከኩበት ከ1938ቱ የሙኒክ ስምምነት ጋር አመሳሰለው። በጉባኤው ላይ ስሙ ለእጩነት ቢቀርብም ራሱን አገለለ። ከመድረኩ ሆኖ ለተቆጡት ደጋፊዎቹ የተናገረው ግን ከብዙ መፈክር በላይ ሠርቷል፤ ማኩረፉን ትተው እንደ ትልቅ ሰው እንዲያስቡ፣ ፓርቲውን መመለስ ከፈለጉም ሥራ እንዲጀምሩ ነገራቸው።

ዋይት «ሥራ» የሚለውን ቃል እንዳለ ወሰደው።

ያኔ የአሜሪካ ፓርቲዎች እጩ የሚመርጡት ዛሬ በቴሌቪዥን እንደምናየው አልነበረም። ከ50ዎቹ ግዛቶች ቅድመ ምርጫ የሚያካሂዱት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በቀሩት ነገሩ የሚጀምረው ከሰፈር ነው። የአንድ ምርጫ ጣቢያ ሪፐብሊካኖች በአንድ ምሽት፣ በትምህርት ቤት ክፍል ወይም በአንድ ሰው ሳሎን ተሰብስበው ወደ ወረዳ የሚሄዱ ሰዎችን ይመርጣሉ፤ ወረዳው ለግዛት ጉባኤ ይመርጣል፤ ግዛቱ ለብሔራዊው ጉባኤ። እነዚያ የሰፈር ስብሰባዎች ብዙ ጊዜ ጭር ያሉ ነበሩ። ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊው፣ ምናልባት ሁለት ጎረቤቶች ይገኛሉ፤ የቀረው ወንበር ባዶውን ነው የሚያመሸው። ስድስት ሰው ወዳለበት ክፍል ሰባት ሰው ይዞ የገባ ውሳኔውንም ይዞ ይወጣል። ከዚያ ክፍል የወጣ ድምፅ ደረጃ በደረጃ ወጥቶ ወጥቶ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረውን ሰው ይወስናል።

ዋይት ይህን የተማረው ከሪፐብሊካኖች አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአየር ኃይል ሲመለስ፣ ኢትካ በምትባል የኒው ዮርክ ከተማ በጦር ተመላሾች ማኅበር ውስጥ ኮሚኒስቶች እንዴት ስብሰባ እንደሚያሸንፉ በዓይኑ አይቶ ነበር። ቀድመው ይመጣሉ፣ ከመጨረሻው ሰው በኋላ ይወጣሉ፤ በአዳራሹ ተበታትነው ስለሚቀመጡ ጥቂቶቹ ብዙ ይመስላሉ። ኮሚኒዝምን አጥብቆ የሚጠላው ሰው ዘዴውን ግን አልናቀም።

በ1962 የጸደይ ወራት ኒው ዮርክ 42ኛው መንገድ ላይ፣ ቻኒን በሚባለው ሕንፃ የ3505 ቁጥር ቢሮ ተከፈተ። በሩ ላይ የማንም ፖለቲከኛ ስም አልተጻፈም። ዋይት አገሪቱን በዘጠኝ ቀጠና ከፍሎ ለእያንዳንዱ ኃላፊ አቆመ፤ እሱ ራሱ ከግዛት ግዛት እየዞረ የአካባቢ ሊቀመናብርትን፣ የስብሰባ ቀኖችን፣ የምርጫ ደንቦችን ይመዘግብ ነበር። ገንዘብ ጠፍቶ ቢሮው ሊዘጋ የደረሰበት ጊዜ ነበር፤ ከራሱ ኪስ እያወጣ አቆየው። ከሁሉ የሚገርመው፣ ይህ ሁሉ የሚለፋለት ሰው አልፈልግም ይል ነበር። በ1963 መጀመሪያ ጎልድዋተር ለፕሬዚዳንትነት እንደማይወዳደር ለዋይት ፊት ለፊት ነገረው። ሰዎቹ ግን ተመካክረው ካልፈለገ ጎትተን እናመጣዋለን አሉ። በኤፕሪል ወር የጎልድዋተርን እጩነት የሚጠይቅ ብሔራዊ ኮሚቴ በይፋ ተመሠረተ፤ በጁላይ 4 በዋሽንግተን በሺዎች የሚቆጠር ሰው ለእሱ ተሰለፈ።

ኖቬምበር 22 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ተገደለ። ጎልድዋተር በሴኔት ከኬኔዲ ጋር ወዳጅ ስለነበር ከእሱ ጋር በጨዋነት ለመከራከር ያሰበው ሁሉ ፈረሰ። ያም ሆኖ በደጋፊዎቹ ግፊት ጃንዋሪ 3 ቀን 1964፣ ቀዶ ጥገና የተደረገለት እግሩ ገና በጄሶ እንደታሰረ፣ ከቤቱ ደጃፍ ሆኖ እወዳደራለሁ አለ።

ጅማሬው አላማረም። በማርች የኒው ሃምፕሻየርን ቅድመ ምርጫ፣ በሳይጎን አምባሳደር የነበረው ሄንሪ ካቦት ሎጅ አገሩ ሳይገባ፣ ስሙ በእጅ እየተጻፈ አሸነፈ። በሜይ ሮክፌለር ኦሪገንን ወሰደ። ጋዜጦች የጎልድዋተር ነገር አበቃለት ሲሉ ዋይት ግን መዝገቡን እያየ ነበር። ማንም ባልዘገባቸው የሰፈር ስብሰባዎች ተወካዮቹ በመቶዎች ተሰብስበው አልቀዋል።

የካሊፎርኒያው ፍልሚያ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል፤ የንቅናቄው ጉልበት ከየት እንደመጣ እዚያ በግልጽ ይታያል። በሎስ አንጀለስና በኦሬንጅ አውራጃ፣ የአውሮፕላንና የሚሳይል ፋብሪካዎች በወለዷቸው አዳዲስ መንደሮች፣ ሴቶች በጠዋት ቡና እያፈሉ ጎረቤት ይጠሩ ነበር። ቡናው እየተጠጣ ስለ ግብር፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ኮሚኒዝም ይወራል፤ ሲበተኑ እያንዳንዷ የቤት ቁጥር ዝርዝር ይዛ ትወጣለች። የቡና ጠረጴዛ የሰፈር ሸንጎ ለሆነበት ለማንኛውም አገር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሮክፌለር በደመወዝ የተቀጠሩ የዘመቻ ባለሙያዎች ነበሩት፤ እነሱ ደግሞ በር የሚያንኳኩ በሺዎች የሚቆጠሩ ጎረቤቶች።

በእጃቸው የያዙት አንድ ትንሽ መጽሐፍ ነበር። ደራሲዋ ፊሊስ ሽላፍሊ፣ በኢሊኖይ የኦልተን ነዋሪ፣ የአምስት ልጆች እናትና ስድስተኛውን ያረገዘች ሴት ነበረች። አሳታሚ ደጅ አልጠናችም። በራሷ ገንዘብ አሳትማ፣ በመኪና ማቆሚያ ቤቷ ቆልላ፣ በ75 ሳንቲም ትሸጥ ጀመር። ርእሱ «ምርጫ እንጂ ማሚቶ አይደለም» እንደ ማለት ነው፤ የሚለውም ጥቂት የኒው ዮርክ ሰዎች ለአሥርተ ዓመታት የፓርቲውን እጩ ከመጋረጃ ጀርባ ሲመርጡ ኖረዋል ነው። በዓመቱ መጨረሻ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ቅጂ ወጥቷል። መጽሐፉ ሤራ የሚያይበት ቦታ ሁሉ ሤራ ነበረ ማለት አይደለም። ነገር ግን የታፍትን መሸነፍ ያልረሳ ሰው ሲያነበው የገዛ ብሶቱን በማተሚያ ቤት ፊደል አገኘው።

ከድምፅ መስጫው ሦስት ቀን ቀደም ብሎ የሮክፌለር አዲስ ሚስት ወንድ ልጅ ወለደች፤ የፍቺውና የዳግም ጋብቻው ወሬ እንደገና ተቀሰቀሰ። ጁን 2 ጎልድዋተር ከሁለት ሚሊዮን በላይ ድምፅ ከተሰጠበት በ68,000 ያህል በልጦ የግዛቱን 86 ተወካዮች ጠቀለለ።

ይህን ታሪክ የወንበር ባዶነት ታሪክ ብቻ አድርጎ መተረክ ግን እውነቱን ማጉደል ነው። አንዳንዱ ወንበር ሰው ነበረበት።

በሜምፊስ ጆርጅ ሊ የሚባል ጥቁር ሪፐብሊካን ነበር። ለዓመታት የከተማውን ጥቁሮች በሊንከን ፓርቲ ዙሪያ ያሰባሰበ፣ በ1952ቱ ጉባኤ የታፍትን እጩነት በመድረክ ላይ የደገፈ ሰው ነው። ወግ አጥባቂዎቹ ከልብ ከሚያነሡት ከዚያ ቀን ጋር የእሱ ስም አብሮ ነበረ። በ1964 የጎልድዋተር ሰዎች የአካባቢውን ስብሰባ ሲይዙ ሊን ከተወካይነት አወጡት፤ ሳን ፍራንሲስኮ ድረስ ሄዶ ቢከራከር የሰማው የለም። በጉባኤው ከ1308ቱ ተወካዮች ጥቁሮቹ አሥራ አምስት እንኳ አይሞሉም ነበር። ሰፈር መጥቶ ድምፅ መስጠት መብት ነው፤ በዚያ መብት አንድን አንጋፋ በቀለሙ ምክንያት ከቤቱ ማስወጣት ግን ግፍ ነው፤ ወደ መርሕ መመለስ ሊባል አይችልም።

ጎልድዋተር ራሱ በሰው ቀለም የሚጠላ አልነበረም። የአሪዞናን የአየር ብሔራዊ ዘብ ነጭና ጥቁር እንዲቀላቀል አድርጓል፣ በ1957 ለወጣው የሲቪል መብት ሕግ ድምፁን ሰጥቷል። በጁን 19 ቀን 1964 ግን ትልቁ የሲቪል መብቶች ሕግ በሴኔት 73 ለ27 ሲያልፍ ከ27ቱ አንዱ እሱ ነበር። ስለ ሆቴልና ምግብ ቤት፣ ስለ ሥራ ቅጥር የሚደነግጉት ክፍሎች ሕገ መንግሥቱን ይጥሳሉ ብሎ ያምን ነበር። እምነቱ ቅን ሊሆን ይችላል። በአላባማዋ በርሚንግሃም ምግብ ቤት በር ላይ ለተመለሰ ሰው ግን የቅንነቱ ማጽናኛ ከንቱ ነው፤ የመለያየት ሥርዓት እንዲቆይ የሚሹ ነጮችም ድምፁን በገባቸው መንገድ ሰሙት።

ጉባኤው በጁላይ የተካሄደው በሳን ፍራንሲስኮ ዳርቻ፣ ካው ፓላስ በሚባል የከብት ትርኢት አዳራሽ ነው፤ ስሙም የላም ቤተ መንግሥት ማለት ነው። ዋይት ከአዳራሹ ጀርባ ባቆመው ተሳቢ ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ እያንዳንዱን የግዛት ቡድን በስልክ ያገኝ ነበር። ሮክፌለር በፓርቲው አቋም ሰነድ ላይ አክራሪነትን የሚያወግዝ ማሻሻያ ለመደገፍ ሲነሣ አዳራሹ በጩኸት አናወጠው፤ እሱም ፈገግ እያለ ቆሞ ጠበቃቸው። የቤዝቦሉ ጀግና ጃኪ ሮቢንሰን በዚያ አዳራሽ የተሰማውን ሲናገር፣ በሂትለር ጀርመን አይሁዳዊ መሆን ምን እንደሚመስል አሁን ገባኝ ብሏል። ድምፅ ሲቆጠር ለእጩነት የሚያስፈልገው 655 ድምፅ ደቡብ ካሮላይና ላይ ሞላ። ጎልድዋተር 883፣ የፔንሲልቫኒያው አገረ ገዥ ስክራንተን 214፣ ሮክፌለር 114።

ዋይት የፓርቲው ሊቀመንበር እሆናለሁ ብሎ ነበር። ጎልድዋተር ግን ቦታውን ለአሪዞና ሰው ለዲን በርች ሰጠ። ሦስት ዓመት የለፋው ሰው የደጋፊ ዜጎችን ኮሚቴ እንዲመራ ተደረገ።

በኖቬምበር የሆነው ይታወቃል። ኬኔዲን የተካው ዲሞክራቱ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን 61 ከመቶ ድምፅ አገኘ፤ ጎልድዋተር አሸናፊ የሆነው በገዛ ግዛቱ በአሪዞናና በአምስት የደቡብ ግዛቶች ብቻ ነው። የሽንፈቱ ስፋት አሜሪካን በሌላ በኩል ቀየራት። ዲሞክራቶች በታችኛው ምክር ቤት 295፣ በሴኔት 68 ወንበር ይዘው በ1965 የአረጋውያን የሕክምና መድን የሆነውን ሜዲኬርን፣ የድምፅ መብት ሕግንና አዲሱን የኢሚግሬሽን ሕግ አወጡ። የመጨረሻው ከሁለቱም ፓርቲ ድጋፍ ነበረው፤ እኛንም ይነካናል። በአሮጌው ሕግ ለኢትዮጵያ የተፈቀደው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ያ ኮታ ባይነሣ ኖሮ ዛሬ በዋሽንግተንና በሎስ አንጀለስ ያለው የኢትዮጵያውያን ኑሮ ይህን መልክ ባልያዘም ነበር።

ንቅናቄው ግን አልተበተነም። ከምርጫው ሳምንት በፊት ሮናልድ ሬገን የሚባል የፊልም ተዋናይ ለጎልድዋተር በቴሌቪዥን ተናግሮ አገር ሰምቶታል፤ በሁለት ዓመቱ የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ ሆነ። ሪቻርድ ቪገሪ የሚባል ወጣት ደግሞ ሕጉ 50 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጡ ሰዎች ስም በኮንግረስ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ ለማንም እንዲታይ እንደሚያዝ አወቀ። ሄዶ የጎልድዋተርን ለጋሾች ስምና አድራሻ በእጁ ይገለብጥ ጀመር፤ እጁ ሲደክም ሴቶች ቀጠረ። በዚህ መንገድ ከ12,000 በላይ ስም ተሰበሰበ፤ ለአሥርተ ዓመታት የወግ አጥባቂዎች ደብዳቤ የተላከውና ገንዘብ የተለመነው ከዚያ መዝገብ ተነሥቶ ነው።

በ1976 ሬገን በሥልጣን ላይ ያለውን ፕሬዚዳንት ፎርድን ተገዳድሮ በ1187 ለ1070 ለጥቂት ተሸነፈ። ጎልድዋተር በዚያ ፍልሚያ የቆመው ከፎርድ ጋር ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ሬገን ዋይት ሀውስ ሲገባ የሰፈር ስብሰባዎቹ በሌሎች ሰዎች መሞላት ጀምረው ነበር፤ ከአብያተ ክርስቲያናት የመጡ፣ ስለ ውርጃና በትምህርት ቤት ስለ ጸሎት የሚታገሉ። በ1988 ሰባኪው ፓት ሮበርትሰን በአዮዋ የሰፈር ስብሰባዎች የወቅቱን ምክትል ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽን ቀድሞ ሁለተኛ ወጣ። ጎልድዋተር መንግሥት በሰው ገበያ እንደማይገባ ሁሉ በሰው ጓዳም አይገባም እያለ ከእነዚህ ጋር ተጣላ። በ1992 ለኮንግረስ የምትወዳደር ዲሞክራት ሲደግፍ፣ አንዳንድ የአሪዞና ሪፐብሊካኖች ከመርሑ ወጥቷል ብለው በፊኒክስ ካለው የፓርቲው ሕንፃ ላይ ስሙ እንዲነሣ ጠየቁ።